ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል፦ ለዕለታዊ የቤዝቦል ፋንታሲ ድራፍትኪንግስ ወይስ ፋንዱኤል?

ድራፍትኪንግስና ፋንዱኤል የአሜሪካ ቤዝቦል ተጫዋቾችን በምናብ በጀት ገዝታችሁ የአንድ ቀን ቡድን የምትሠሩባቸው መተግበሪያዎች ናቸው፤ ተጫዋቾቹ በእውነተኛው ጨዋታ በሠሩት ልክ ነጥብ ታገኛላችሁ። አንድ ዓመት መስቀል ሲቃረብ አንድ ውድ መቺ ገዛሁ። ከበጀቴ አንድ ስምንተኛውን በላ። የመቺው ቡድን በዋዜማው ፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ወቅት በኋላ የሚደረገው የዋንጫ ፉክክር) መግባቱን አረጋግጦ መልበሻ ክፍል ውስጥ ሻምፓኝ ሲራጭ አምሽቷል። እኔም “ሞራላቸው ሰማይ ነክቷል” ብዬ ተደስቼ ነበር። በማግስቱ ሰውዬው ኮፍያውን ደፍቶ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሱፍ እየቆረጠመ አመሸ። ያገኘሁት ነጥብ ዜሮ።

የፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲ የለመደ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል። እዚያ የመረጡት ሰው ሳይሰለፍ ሲቀር ተጠባባቂው በራሱ ይገባል። በዕለታዊው ቤዝቦል ተጠባባቂ የሚባል ነገር የለም። ያልተሰለፈ ሰው ዜሮ ነው፣ አለቀ። ስለዚህ መደበኛው ወቅት በሚያልቅበት በሴፕቴምበር ዋናው ጥያቄ “ማን ጎበዝ ነው?” አይደለም። “ዛሬ ማን ይጫወታል? ስንት ሰዓትስ ሜዳ ላይ ይቆያል?” ነው። ሁለቱን መተግበሪያዎች የማወዳድረውም በዚህ ዓይን ነው።

ድራፍትኪንግስ በመደበኛው ውድድር 50,000 የምናብ ዶላር ይሰጣችኋል። በዚያ 10 ሰው ትገዛላችሁ፤ ሁለቱ ፒቸር፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪ ናቸው። ፋንዱኤል 35,000 ይሰጥና 9 ሰው ያስመርጣል፤ ፒቸሩ አንድ ብቻ ነው። ኳስ ተቀባዩና የአንደኛ ቤዝ ተጫዋቹ አንድ ቦታ ይጋራሉ፤ ከመቺዎች የፈለጉትን የሚያስገቡበት ነፃ ቦታም አለ። ሌላው ልዩነት ጥቃቅን ነው። ወሳኙ የፒቸሩ ቁጥር ነው።

በቁጥር እንየው። አንድ ፒቸር ከጨዋታው ዘጠኝ ኢኒንጎች (ዙሮች) 6ቱን ወረወረ እንበል፤ 7 መቺ በስትራይክ አስወጣ፣ 4 ሂት (ቤዝ ያስያዘ ምት) እና 1 ዎክ (መቺው ሳይመታ በነፃ ቤዝ የሚይዝበት) ሰጠ፣ 1 ነጥብ ተቆጠረበት፣ ድሉም በስሙ ተመዘገበ። ፋንዱኤል 46 ይሰጠዋል፣ ድራፍትኪንግስ 26.5። አሁን ያንኑ ሰው አሠልጣኙ “ለፕሌይኦፍ እንቆጥበው” ብሎ ከአምስተኛው ኢኒንግ በኋላ ያስወጣው፣ ድሉም ለሌላ ይሂድ። ፋንዱኤል ላይ ወደ 33 ይወርዳል፤ ድሉ 6 ነጥብ፣ ኳሊቲ ስታርት የሚሉት (ቢያንስ 6 ኢኒንግ ወርውሮ ከ3 ያልበለጠ ነጥብ ሲቆጠርበት የሚሰጥ) 4 ነጥብ፣ የቀረው ኢኒንግ ደግሞ 3 ነጥብ ይዘው ይሄዳሉ። ድራፍትኪንግስ ላይ 20.25 ነው። ኳሊቲ ስታርት የሚባል ቦነስ ስለሌለው የሚያጣው 6.25 ብቻ ነው። ደግሞ ሁለተኛ ፒቸር አለላችሁ።

ይህን አይቼ ለረጅም ጊዜ “በሴፕቴምበር ድራፍትኪንግስ ይሻላል” ስል ኖርኩ። አሁን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት አንድ የሚታመን ፒቸር ማግኘት ይቻላል፤ ሁለት ማግኘት ግን መከራ ነው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ወይ ከታችኛው ሊግ የመጣ ልጅ ነው፣ ወይ እጁ የደከመና በተወሰነ የኳስ ቁጥር ብቻ የሚያስወረውሩት ሰው። ዋሽንግተን አካባቢ የምንኖር ሰዎች ይህን አንረሳውም። በ2012 የከተማዋ ቡድን ናሽናልስ ከሊጉ ሁሉ የተሻለ ውጤት ይዞ እያለ፣ ከክርን ቀዶ ሕክምና የተመለሰውን ወጣት ፒቸሩን ስቲቨን ስትራስበርግን ከ159 ኢኒንግ በኋላ በቃህ ብሎ አስቀመጠው። ሴፕቴምበር ገና መጀመሩ ነበር። ቡድኑ በፕሌይኦፉ ያለ እሱ ገብቶ በካርዲናልስ ተሸነፈ፤ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም። ለእኛ ትምህርቱ ቀላል ነው። ወጣት ፒቸር ከመግዛታችሁ በፊት በዓመቱ ስንት ኢኒንግ እንደወረወረ እዩ፤ ካምናው ጋርም አስተያዩት።

መቺዎቹ ላይ ስንመጣ ሚዛኑ ወደ ድራፍትኪንግስ ያጋድላል። ከአንድ ቡድን እስከ 5 መቺ ይፈቅዳል፤ ፋንዱኤል 4 ነው። የአንድ ቡድን ሰዎችን መደርደር የሚጠቅመው አንዱ ምት ለሁለት ስለሚቆጠር ነው። አንዱ በዎክ ቤዝ ላይ ቆመ፣ ቀጣዩ ሆም ራን መታ፣ ማለትም ኳሱን ከአጥሩ በላይ አሳለፈ። ሁለቱም የእናንተ ከሆኑ ድራፍትኪንግስ 20፣ ፋንዱኤል 28.4 ይሰጣችኋል። ነገር ግን መደርደር የሚያዋጣው ዋናዎቹ ሰዎች በዋናው ተራቸው ሲሰለፉ ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት መቺዎች በቂ ተራ ያገኛሉ፤ ስምንተኛና ዘጠነኛ የሆነ ሰው ርካሽ የሚሆነው በምክንያት ነው። እንግዳ ቡድን መምረጥም አይከፋም፤ ዘጠኙንም ኢኒንግ ይመታል። ባለሜዳው እየመራ ከሆነ ግን ዘጠነኛው ላይ ሳይመታ ጨዋታው ያልቃል።

ታዲያ የትኛውን ቡድን? ብዙ ሰው “ፕሌይኦፍ መግባቱን ያረጋገጠ ቡድን ተዉት” ይላል። ግማሽ እውነት ነው። ከ2022 ጀምሮ ፕሌይኦፍ የሚገቡት ከሁለቱ ሊጎች ከየአንዳንዳቸው ስድስት፣ በድምሩ 12 ናቸው። በየሊጉ ሁለቱ የተሻሉ የዲቪዥን (የሊጉ ምድብ) አሸናፊዎች ደግሞ የመጀመሪያውን ዙር ሳይጫወቱ ያልፉታል። ስለዚህ ዲቪዥኑን አሸንፎም ለዚህች ዕረፍት የሚታገል ቡድን አለ፤ ኮከቦቹን አያስቀምጥም። መፍራት ያለባችሁ የሚያገኘውም የሚያጣውም የሌለውን ነው። እኔ በጣም የምወደው ዲቪዥናቸውን ላላሸነፉ ለተተወችው ለሦስተኛዋ የዋይልድ ካርድ ቦታ ጉሮሮ ለጉሮሮ የተያያዘውን ነው። የወደቀ ቡድንም ቢሆን ዝም ብሎ አይታለፍም። ከሴፕቴምበር 1 ጀምሮ የቡድን ዝርዝር ከ26 ወደ 28 ያድጋል፤ አዲስ የመጣ መቺ በየቀኑ ከተሰለፈ በርካሽ ይገኛል፣ የቀረው በጀት ለፒቸሩ ይተርፋል።

የቀን ውሏችሁን ደግሞ አስቡበት። እንደ እኔ ይህ ከነጥቡ ይበልጣል። አሰላለፍ የሚወጣው ጨዋታው ሊጀምር ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩት ነው። ምሽት 1 ሰዓት ላይ፣ በአሜሪካኖቹ 7 መሆኑ ነው፣ የምሥራቁ ሲጀምር የሎስ አንጀለስና የሳን ዲዬጎ አሰላለፍ ገና ላይወጣ ይችላል። ድራፍትኪንግስ ላይ እያንዳንዱ ተጫዋች የሚቆለፈው የራሱ ጨዋታ ሲጀምር ነው። የምዕራቡ ሰው ካልተሰለፈ በሌላ ትተኩታላችሁ። ግን ይህ የሚጠቅመው ስልክ በእጁ ላለ ሰው ነው። በዚያ ሰዓት ኡበር ላይ ከሆናችሁ፣ ወይም ፈረቃ ከገባችሁ፣ ጥቅሙ ለሌላ ነው። እንዲህ ላለው ሰው ፋንዱኤልን እመርጥለታለሁ፤ አንድ ፒቸር፣ ከምሥራቅ ብቻ የተመረጡ መቺዎች፣ ከሥራ በፊት ጨርሶ መሄድ። በየትኛውም ብትገቡ ከመክፈላችሁ በፊት የመቀየሪያ ደንቡን የሚናገረውን መስመር አንብቡ።

ስለ አየሩ ትንሽ። ዴንቨር 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ኳስ በቀጭን አየር ይርቃል፤ በከተማዋ ሜዳ በኩርስ ፊልድ የሚጫወቱ መቺዎች ሁሌም ውድ የሆኑት ለዚህ ነው። (አዲስ አበባ ላይ ቢጫወቱ ምን ሊሆን ነው እላለሁ፤ ከዴንቨር በ700 ሜትር ትበልጣለች።) በሌሎቹ ከተሞች ግን የሴፕቴምበር መጨረሻ ምሽት ይቀዘቅዛል፤ በብርድ ኳስ አይርቅም። በጁላይ ሆም ራን የነበረው አጥሩ ሥር ይያዛል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ 10 ዶላር አስገብቶ ግማሹ ሰው 18 የሚወስድበት ውድድር አለ። ላለመክሰር ብቻ ከ100 ጊዜ 56ቱን ማሸነፍ ይጠይቃል። ተሰላፊው በማይታወቅበት ሳምንት ይህ ከባድ ነው። ትልልቆቹ ውድድሮች ከዚያም ይብሳሉ፤ ብዙ ትከስራላችሁ፣ አንዳንዴ ይሳካል። እኔ በመስከረም የማስገባውን በግማሽ እቀንሳለሁ። የኪራይ ገንዘብ ከሆነ ደግሞ የትኛውንም አትክፈቱ።

የመጨረሻው እሁድ ለብቻው ነው። በዚያን ቀን ጨዋታዎቹ ሁሉ አንድ ላይ፣ በምሥራቁ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት፣ በእነሱ 3 አካባቢ ይጀምራሉ። መቀየሪያው ዋጋ የለውም። ፋንዱኤል ላይ አንድ ዶላር አስገባለሁ፤ ለማለፍ ማሸነፍ ያለበትን ቡድን ፒቸር እይዛለሁ። ያ ውድ መቺ ግን አይነካም፣ ሱፉን ይቆርጥም።