የፕሬዚዳንት ፊርማ ያለበት ቤዝቦል፦ ፒኤስኤ፣ ጄኤስኤ ወይስ ቤኬት?

ፊርማ መርምረው ማረጋገጫ ከሚሰጡ የአሜሪካ ድርጅቶች ውስጥ ጨረታ ቤቱም ሻጩም ያለ ብዙ ጭቅጭቅ የሚቀበላቸው ሦስት ናቸው፤ ፒኤስኤ፣ ጄኤስኤ እና ቤኬት። ሦስቱም ይበልጥ የሚታወቁት በስፖርት ዕቃዎች ነው። ፕሬዚዳንት የፈረመበት ቤዝቦል ሲመጣ ግን ጉዳዩ ይለያል። የተጫዋች ሐሰተኛ ፊርማ በአብዛኛው የአጭበርባሪ ሥራ ነው፤ የፕሬዚዳንቱ ግን ከራሱ ከዋይት ሐውስ ሊወጣ ይችላል። ጸሐፊ ትፈርምለታለች፣ ማሽንም ይፈርምለታል።

ለነዚህ ድርጅቶች መክፈል የሚያዋጣው ቤት ውስጥ የሚቻለው ምርመራ ካለቀ በኋላ ነው። ብዙው ፎርጅድ እዚያው ይወድቃል።

ከፊርማው በፊት ኳሱን እዩ። እስከ 1999 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የትልቁ የአሜሪካ ቤዝቦል ሁለት ሊጎች፣ የአሜሪካን ሊግና የናሽናል ሊግ፣ ኳሶች የተለያዩ ነበሩ፤ በእያንዳንዱም ላይ የሊጉ ፕሬዚዳንት ስም ታትሞ ይገኛል። ከ2000 ወዲህ የታተመው የሁለቱም ሊጎች የበላይ የሆነው የኮሚሽነሩ የባድ ሴሊግ ስም ነው፤ ከ2015 ወዲህ ደግሞ የሮብ ማንፍሬድ። ሬገን አልዛይመር እንዳለባቸው ያስታወቁት በኅዳር 1994 ነው፤ ስለዚህ የሴሊግ ስም ባለበት ኳስ ላይ የሬገን ፊርማ ካያችሁ ሻጩን አመስግናችሁ ሂዱ። ኬኔዲም እንዲሁ ነው። በዘመናቸው የአሜሪካን ሊግ ፕሬዚዳንት ጆ ክሮኒን ነበሩ፤ ሊ ማክፌይል ቦታውን የያዙት በ1974 ነው፣ ኬኔዲ ከተገደሉ ከአሥር ዓመት በኋላ። ኳስ አምራቹ ሮሊንግስ የሁለቱንም ሊግ ኳስ ማቅረብ የጀመረው በ1977 ስለሆነ የአምራቹም ስም ይናገራል። ዘመኑ ገጠመ ማለት ግን ፊርማው እውነተኛ ነው ማለት አይደለም። አጭበርባሪዎች ያልተፈረመበት አሮጌ ኳስ ፈልገው ይገዛሉ።

ቀጥሎ እስክሪብቶው። ቢክ የምንለው ዓይነት እስክሪብቶ አሜሪካ ውስጥ ለሽያጭ የቀረበው በጥቅምት 1945 ሲሆን ፍራንክሊን ሩዝቬልት የሞቱት በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ነው። ሻርፒ ማርከር የወጣው በ1964 ነው፤ ኬኔዲ የተገደሉት በኅዳር 1963። ይህን ለማወቅ ለማንም መክፈል አያስፈልግም።

ከዚያ አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ያዙ፤ መብራቱን ከጎን አድርጉት። አሮጌ ቆዳ ይሰነጠቃል። ፊርማው ከስንጥቁ በፊት የነበረ ከሆነ ስንጥቁ መስመሩን ይቆርጠዋል፤ በስንጥቁ ውስጥ የሚታየው ባዶ ቆዳ ነው። ቀለሙ ወደ ስንጥቁ ገብቶ ወደ ጎን ከተንጠባጠበ ግን ቆዳው ካረጀ በኋላ የተጻፈ ነው። አንዳንድ የድሮ ኳሶች ደግሞ እንዲቆዩ ተብሎ ሼላክ የተባለው ቫርኒሽ ተቀብቷቸዋል። ትክክለኛው ቀለም ከቫርኒሹ ሥር ይሆናል፤ ከላይ የተጻፈ ግን ቆዳውን ስለማያገኝ ይሰበሰብና ነጠብጣብ ይሠራል። ቡድኑ በሙሉ የፈረመበት እውነተኛ ኳስ ላይ የፕሬዚዳንት ስም መጨመርም የተለመደ ነው፤ ያቺ አንዷ ፊርማ ብቻ ከቫርኒሹ በላይ ከሆነች ነገሩ አለቀ።

አስቸጋሪው የፊርማ ማሽኑ፣ ኦቶፔን የሚባለው ነው። ኬኔዲ በዚህ የታወቁ ናቸው፤ በዚያ ላይ ጸሐፊያቸው ኤቭሊን ሊንከን ትፈርምላቸው ነበር። ኦባማ በግንቦት 2011 ፈረንሳይ ሳሉ ሕግ ያስፈረሙት በዚሁ ማሽን ነው። የማሽኑ ምልክት ከመነሻው እስከ መድረሻው የማይለዋወጥ ጫና፣ ብዕሩ ሲያርፍና ሲነሳ የሚተወው ጉልህ ነጥብ፣ ከሌላ ፊርማ ጋር ሲደራረብ ልክክ ማለቱ ነው። ወረቀት ላይ ይህ ቀላል ነው። ኳስ ግን ክብ ነው፤ ፎቶው መስመሩን ያጣምመዋልና መደራረቡ አያስተማምንም። በእጅ የተፈረመም ቢሆን በሁለቱ ስፌቶች መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ላይ ተጨምቆና ቀና ብሎ ነው የሚወጣው። ማነጻጸር ያለባችሁ ከደብዳቤ ጋር ሳይሆን ሌላ ኳስ ላይ ካለ የዚያው ሰው ፊርማ ጋር ነው።

ወደ አገልግሎቱ እንምጣ። ሦስቱም ሁለት ዓይነት ነገር ይሸጣሉ፦ ቁጥር ያለው ተለጣፊ ከትንሽ ካርድ ጋር፣ ወይም የኳሱ ፎቶ ያለበት ሙሉ ደብዳቤ። በእኛ ግምት በሦስቱ ድርጅቶች መካከል ያለው ልዩነት በተለጣፊና በደብዳቤ መካከል ያለውን አያህልም። ተለጣፊ ተነቅሎ ሌላ ኳስ ላይ ሊለጠፍ ይችላል፤ ፎቶ ያለው ደብዳቤ ግን ስፌቱንና እድፉን ሳይቀር ያሳያል። ለፕሬዚዳንት ፊርማ ደብዳቤውን ግዙ፤ ተለጣፊው ኳሱ ላይ እንዳይደረግም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ክፍያው እንደ ፈራሚው ስም ይለያያል፤ የሚከፈለውም ለምርመራው እንጂ ለማለፉ አይደለም። ደብዳቤው የባለሙያ አስተያየት ነው፤ ዋስትና አይደለም። ፒኤስኤ ስሙ ላይ የሚጨምረው «ዲኤንኤ»ም የፈራሚውን ዘር መመርመር አይደለም፤ በዓይናቸው ፊት ለተፈረመ ዕቃ ይጠቀሙበት ከነበረው ልዩ ቀለም የመጣ ነው። በፎቶ ብቻ የሚሰጠውን ፈጣን አስተያየት ለመግዛት ስትወስኑ ተጠቀሙበት እንጂ ለመሸጥ አትመኩበት። ሁለቱን ሊጎች የሚያስተዳድረው የሜጀር ሊግ ቤዝቦል የሚለጥፈው ሆሎግራም ከሁሉም ይጠነክራል፤ ግን ሠራተኞቻቸው ቆመው ያዩትን ብቻ ስለሚያረጋግጡ አሮጌ ኳስ ይዞ መሄድ ትርፉ ድካም ነው።

ለኒክሰን፣ ለካርተር ወይም ለትንሹ ቡሽ ከሦስቱ አንዱ ይበቃል። ቡሽ ከ1989 ጀምሮ ከቴክሳስ ሬንጀርስ ቤዝቦል ቡድን ባለቤቶች አንዱ ስለነበሩ የዚያን ዘመን ኳስ ማግኘት ብርቅ አይደለም። ኬኔዲና ከዚያ በፊት ያሉት ከሆኑ ግን በታሪካዊ ፊርማ ላይ የሚሠራ ጨረታ ቤት፣ ለምሳሌ የቦስተኑ አርአር ኦክሽን፣ እንዲያየው አድርጉ። የጸሐፊን እጅ የሚለየው ሺህ ደብዳቤ ያገላበጠ ሰው ነው። የውድድር ዘመኑ ሲከፈት ፕሬዚዳንት የመጀመሪያውን ኳስ የመወርወር ልማድ የጀመሩት ታፍት በ1910 የፈረሙት ኳስ ላይ ለተጫዋቹ ለዋልተር ጆንሰን ብለው ስለ ትናንቱ ጨዋታ ጽፈዋል፤ እንዲህ ያለ የሰው ስምና ቀን የሚጠቁም ጽሑፍ ከባዶ ፊርማ ይልቅ ለመመርመር ይመቻል።

ስትልኩ ኳሱን ጠንካራ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ እንዳይንከባለል አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ፊርማው ላይ ምንም አይነካ፣ አትወልውሉትም። የአሜሪካ ፖስታ ሬጅስተርድ ሜይል እስከ 50,000 ዶላር ድረስ ዋስትና ይሰጣል። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ደግሞ በአካባቢያችሁ የስፖርት ቅርሶች ትርኢት ሲደረግ ከሦስቱ የትኛው እንደሚገኝና የፖለቲከኛ ፊርማ እዚያው ይመረምር እንደሆነ ደውላችሁ ጠይቁ፤ አንዳንዴ ተቀብለው ወደ ዋናው ቢሮ ይልኩታል።