ዊንዶውስ 11 ያስጫናችሁ ድሬዎች፣ ቀናችሁን ቁጠሩ

ከዚራ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት አለችኝ። እንጀራዬ አንዲት ላፕቶፕና አንድ ፕሪንተር ናቸው። ባለፈው ወር ለአንድ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ 1,500 ብር ከፍዬ ላፕቶፔን ወደ ዊንዶውስ 11 አስቀየርኩ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት በወጉ ሥራ አልሠራሁም። የሱቁን ስም አልጽፍም። ያደረጉትን ግን እነግራችኋለሁ፤ ሁለት ደንበኞቼም ሌላ ቦታ ይኸው እንደደረሰባቸው አጫውተውኛል።

"ዊንዶውስ 10 ተዘግቷል፣ ካልቀየርሽ ኮምፒውተርሽ ይቆማል" ነበር ያሉኝ። ግማሹ እውነት ነው። ማይክሮሶፍት መደበኛውን ነጻ የደህንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ኮምፒውተሩ ግን አይቆምም። መከላከያው እየሳሳ ይሄዳል እንጂ መሥራቱን ይቀጥላል። እኔ ይህን አላወቅኩም። ደነገጥኩ፣ ከፈልኩ።

በማግስቱ ላፕቶፑ ስታክ ማድረግ ጀመረ። ሲቪ እየጻፍኩ መስኮቱ ነጭ ይሆንና "ኖት ሪስፖንዲንግ" ይላል። ፕሪንት አዝዤ ወረቀቱ አይወጣም። ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል፣ እኔ ላብ በላብ ሆኜ ስክሪኑ ላይ አፈጣለሁ።

በሦስተኛው ቀን ይዤ ሄድኩ። "እህቴ፣ ሙቀቱ ነው። ደግሞ አዲስ ነው፣ እስኪለምድ ሁለት ሳምንት ታገሺ" አሉኝ። የድሬ ሙቀት ላፕቶፕ እንደሚያደክም አውቃለሁ። ግን እኮ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ከተማው ገና ቀዝቀዝ እንዳለ፣ ያው ነበር።

"ሁለት ሳምንት ታገሺ" የምትለዋን አደራ ልብ በሉልኝ። ዊንዶውስ ሲሻሻል አሮጌው ሲ ድራይቭ ላይ "ዊንዶውስ ኦልድ" በሚባል ፎልደር ይቀመጣል። ካልተመቻችሁ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ሲስተም፣ ከዚያ ሪከቨሪ ገብታችሁ "ጎ ባክ" የሚለውን ትጫናላችሁ፤ ፋይላችሁ ሳይነካ ወደ ድሮው ይመለሳል። ይህ የሚሠራው ግን ለ10 ቀን ብቻ ነው። ሁለት ሳምንት የታገሰ ሰው በሩ ተዘግቶ ይጠብቀዋል። አውቀው ይሁን ሳያውቁ አልፈርድም፤ እኔን ግን በ14ኛው ቀን "ራም ያንሰዋል፣ 4,500 ብር" አሉኝ፣ ቆይተው ደግሞ "ማዘርቦርዱ ደክሟል፣ በቅናሽ ሽጪልን" አሉኝ።

ለመሸጥ ጫፍ ደርሼ ነበር። ያዳነኝ ኮምፒውተር የሚማር የጎረቤቴ ልጅ ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጭኖ ታስክ ማኔጀርን ከፈተ። "ዲስክ" የሚለው 100 በመቶ ላይ ተጣብቋል። ዊንዶውስ ሲቀየር ከኋላ ሆኖ ፋይሎችን እንደገና ይመዘግባል፣ ማሻሻያ ያወርዳል፣ ቫይረስ ይፈትሻል፤ በመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን መክበዱ ያለ ነው፣ ቻርጅ ላይ ሰክቶ ማሳደር ነው አለኝ። በሁለት ሳምንቱ ግን ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።

ነበርም። ድሮ የነበረኝ አንቲቫይረስ ላይ ሌላ አንቲቫይረስ ጭነውበታል፤ አንዱ የሚከፍተውን ፋይል ሌላው ይፈትሻል፣ እንዲህ ሲናጠቁ ይውላሉ። "ፍጥነት ይጨምራል" የሚል እኔ ያላዘዝኩት ፕሮግራም ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር አብሮ ይነሳል። የፕሪንተሬ አሮጌ ሶፍትዌር ደግሞ አዲሱ ዊንዶውስ ላይ ደርቆ፣ ፕሪንት ስፑለር የሚባለውን፣ የፕሪንት ትእዛዞችን በተራ የሚያሰልፈውን ፕሮግራም፣ ይዞት ቀርቷል። ከሁሉም ያሳዘነኝ ግን ሌላ ነው። ክራክ አክቲቬተር፣ ማለትም ያልተገዛን ዊንዶውስ እንደተገዛ የሚያስመስል ሕገወጥ ፕሮግራም ጭነው፣ እሱ እንዳይያዝ ብለው ሲ ድራይቭን በሙሉ ከቫይረስ ፍተሻ ውጭ አድርገውታል! የሰው መታወቂያ፣ የሰው ዲግሪ ስካን የማደርግበት ማሽን እኮ ነው። ላፕቶፔ ሕጋዊ ዊንዶውስ 10 ይዛ የመጣች ናት፤ ለእንዲህ ያለው ፈቃዱ አብሮ ይሻገራል፣ አክቲቬተር አያስፈልግም ነበር።

ደግሞም መቀየር አልነበረባትም። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ክፍል ማሽኑ ውስጥ እንዲኖር ይጠይቃል፤ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ ደግሞ ከጥቂቶች በቀር 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። የእኔ ኮር አይ 5፣ 6ኛ ትውልድ ነው። ፍተሻውን ዘለውት ነው የጫኑት። እንዲህ የተጫነ ማሽን ማሻሻያ እንደሚያገኝ ማይክሮሶፍት ዋስትና አይሰጥም። ማይክሮሶፍት "ፒሲ ኸልዝ ቼክ" የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለው፤ ማሽናችሁ ይችል እንደሆነ በደቂቃ ይነግራችኋል። ሳታዩት አትክፈሉ።

ልጁ አንዱን አንቲቫይረስና ያንን ፕሮግራም አወጣቸው። ስፑለሩን አቁሞ የተከመረውን ፕሪንት አጠፋና መልሶ አስነሳው። የፕሪንተሩን ሶፍትዌር ከአምራቹ ድረ ገጽ አዲስ አወረደ። ማሽኗ ተነፈሰች። ራምም ማዘርቦርድም አልተነካም። አንድ ነገር ግን አስጠንቅቆኛል፦ ታስክ ማኔጀር ላይ "ሰርቪስ ሆስት" የሚሉትንና ሌሎች የራሱ የዊንዶውስ የሆኑትን እንዳትዘጉ፣ ማሽኑ ሊወድቅ ይችላል። የምታውቁትን፣ ራሳችሁ የጫናችሁትን ብቻ ዝጉ። አክቲቬተር ያለፈበትን ማሽን ግን ስላላመነው፣ ፋይሌን ፍላሽ ላይ አውጥተን በዚህ ሳምንት ከባዶ እንጭነዋለን።

ገንዘቤን ስጠይቅ "ደረሰኝሽስ?" አሉኝ። አልተቀበልኩም ነበር። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ጠይቁ፣ ምን እንደሠሩም ይጻፍበት።

በዚህ ሳምንት ያስጫናችሁ ካላችሁ፣ ዛሬ ማታ ሪከቨሪ ውስጥ ገብታችሁ "ጎ ባክ" መኖሩን እዩ። ከሌለና 10 ቀን ካልሞላ፣ ፎልደሩን አጥፍተውታል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ነገ ጠዋት ሱቁ ሲከፈት እዚያ ተገኙ።