ፊቴን ተርትረው እንደገና ለሰፉልኝ ዶክተር

ሰላም ጎረቤቶቼ፣ የቱሉ ዲምቱም የኮዬም ልጆች። ይህን ለመጻፍ ካሰብኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። እጽፋለሁ፣ መልሼ አጠፋለሁ። ዛሬ ግን መብራት የለም፣ የስፌት መኪናዬም ቆማለች፣ እንግዲህ ይውጣልኝ።

የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ፣ ኮንዶሚኒየሙ ሥር ልብስ የምሰፋዋ ነኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት በክረምት የተሳፈርኩበት ባጃጅ ኮብልስቶኑ ላይ ተንሸራቶ ተገለበጠና ግራ ጉንጬ ከዓይኔ ሥር እስከ ከንፈሬ ጫፍ ተተረተረ። ያን ሌሊት የሰፋኝን ልጅ አልረግመውም። ወረፋው ብዙ ነበር፣ ደሙንም አቁሞልኛል፣ እግዜር ይስጠው። ግን እኔ ስፌት አውቃለሁ። ፋሻው ሲነሳ መስታወት ላይ ያየሁት ጆንያ የሚሰፋበትን ዓይነት ስፌት ነው።

ጠባሳው ሲደርቅ ደግሞ ከንፈሬን በአንድ በኩል ወደ ላይ ጎተተው። ሰው ሲያየኝ የማሾፍበት ይመስለዋል። አንዷ ደንበኛዬ «ምን ያስቅሻል?» ብላ ጨርቋን ይዛ ወጥታለች። ከሁሉ የከፋው ለቅሶ ቤት ነው። ሰው እያለቀሰ እኔ የምስቅ እመስላለሁ። የገዛ አክስቴ ቀብር ላይ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ነው የቆምኩት። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ አሁን ነገርኳችሁ።

ከዚያ መንከራተት መጣ። አንዱ ቦታ «በሌዘር ድራሹን እናጠፋዋለን» ብለው የእቁቤን ብር ተቀበሉኝ። የተረፈኝ ዙሪያው የጠቆረ ጉንጭ ነው። ሌላ ቦታ የተሰጠኝ ቅባት ቆዳዬን ላጠው። አንድ ሐኪም ደግሞ ከስልኩ ቀና ሳይል «ባል አለሽ አይደል? ታዲያ ለምን ትጨነቂያለሽ?» አለኝ። እመኑኝ፣ ከባጃጁ ይልቅ ያ ንግግር ነው ያመመኝ። የካርድ የከፈልኩት ብር እስከዛሬ ይቆጨኛል። ስማቸውን አልጠራም፣ እነሱ ራሳቸውን ያውቃሉ።

ተስፋ ቆርጬ ተቀምጬ ሳለ የሠርግ ቀሚስ ልታሰፋ የመጣች ልጅ ስለ እኚህ ዶክተር ነገረችኝ። የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ናቸው። እናቴ «ፕላስቲክ» የሚለውን ስትሰማ «ፌስታል ፊትሽ ውስጥ ሊከቱ ነው?» ብላ አለቀሰች። ዶክተሩን ይህን ብነግራቸው ሳቁና ቃሉ የግሪክ ነው፣ ቅርጽ ማስያዝ ማለት ነው፣ ሸክላ ሠሪ ጭቃውን እንደሚያበጀው፣ በያቸው አሉኝ። እናቴ ግን አሁንም ሙሉ በሙሉ አላመነችም።

በጎሮ አድርጌ አያት አካባቢ ያለው ክሊኒካቸው ሄድኩ። መጀመሪያ ያደረጉትን ልንገራችሁ፣ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ወንበራቸውን አስጠግተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። «ሳቂ» አሉኝ። ሳቅሁ። «ተኮሳተሪ። አፏጪ። አሁን ጥርስሽን ግጠሚ።» የማፏጨው ነገር ጠፍቶኝ አፌን አሞጥሙጬ ቀረሁ፣ እሳቸውም አብረውኝ አሞጠሞጡ። እያንዳንዱን እያዩ በእስክሪብቶ ፊቴ ላይ ቀጭን ቀጭን መስመር አሰመሩ። ከዚያ ትንሽ ራቅ ብለው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዩኝ። እኔ ያልተቆረጠ ሐር ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ እንደማየው።

ምን እንደሚያደርጉ ጠየቅኳቸው። ቆዳም እንደ ጨርቅ አቅጣጫ አለው አሉኝ። በ1861 በፈረንጆች አቆጣጠር ካርል ላንገር የሚባል የኦስትሪያ ሐኪም የሬሳ ቆዳ በክብ ነገር ሲወጋ ቀዳዳው ክብ ሆኖ አልቀረም፣ ሞላላ ሆነ፣ በየቦታው ደግሞ ወደተለያየ አቅጣጫ። ከዚያ የቆዳ አቅጣጫ መስመር ጋር የተቆረጠ ጠባሳ ይደበቃል፣ መስመሩን ያቋረጠ ይጎላል። ይህንንማ ማን ይነግረኛል! ጨርቅ ያለ አቅጣጫው ከተቆረጠ ስንት ብትተኩሺው ይንጋደዳል። ያን ሁሉ ጊዜ ፊቴ ላይ የተንጋደደ ቅድ ይዤ ስዞር አንድም ሰው እንዲህ አላስረዳኝም።

የወደድኩላቸው ሌላው ነገር አለመዋሸታቸው ነው። «ጠባሳ አይጠፋም፣ ይጠፋል ካሉሽ ሽሺ። እኔ ቀጭን አድርጌ እደብቀዋለሁ፣ ከንፈርሽንም ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ» አሉኝ። አፍንጫዬንም ትንሽ ብታስተካክሉት ብዬ ነበር (አፈርኩ ስጽፈው)። «አፍንጫሽ ምንም አልሆነ» ብለው ገንዘቤን እምቢ አሉ። እምቢ የሚል ሐኪም አይታችሁ ታውቃላችሁ?

የቀዶ ጥገናው ቀን ያደነዘዙኝ ጉንጬን ብቻ ነው፣ ሁሉን እሰማለሁ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። «አትመልሺልኝ፣ ስሚ ብቻ» አሉና ወሬ ጀመሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፊታቸው የፈረሰ ወታደሮችን እንግሊዝ አገር ሃሮልድ ጊሊስ የሚባል ሐኪም ሲጠግን፣ ሄንሪ ቶንክስ የሚባል ሰዓሊ አጠገቡ ሆኖ የየወታደሩን ፊት ከቀዶ ጥገናው በፊትና በኋላ ይሥል ነበር። ሰዓሊው ራሱ መጀመሪያ ቀዶ ሐኪም ነበር። «ያለ ሰዓሊ ዓይን ይህ ሥራ አይሠራም» አሉኝ። በመሃል የክሩ ሳብ ሳብ ይሰማኛል፣ ግን አያምም። የቀረውን አልገባኝም፣ ቀጥ ያለውን ጠባሳ እንደ ዜድ ፊደል ሰብረው እንዳይጎትት አደረጉት አሉኝ፣ በቃ ይኼው። እኔ የማውቀው ስፌቱን ነው። ከሥር ደብቀው ሰፍተው፣ ከላይ እንደ ፀጉር በቀጠነ ክር ዘጉት። በስድስተኛው ቀን ክሩ ሲወጣ መስታወቱን አስጠግቼ ስቆጥር ሁሉም እኩል። እኩል! ሃያ ዓመት ሰፍቼ እንዲህ አልሰፋሁም።

ማታ ማታ ይደውሉልኝ ነበር፣ «አበጠ? አመመሽ?» እያሉ። በሁለተኛው ወር ጠባሳው ቀልቶ ጠንክሮ ስደነግጥ፣ ጠባሳ ሳይረጋ መጀመሪያ ይብሳል፣ እስከ ዓመት ታገሺ፣ ከፀሐይ ተጠበቂ ብለው አረጋጉኝ። እውነትም እየለሰለሰ፣ እየደበዘዘ ሄደ። አሁን አጠገቤ ካልቆማችሁ አታዩትም።

ባለፈው ወር ጎረቤታችን ሞተው ለቅሶ ሄድኩ። ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ። ማንም ምንም አላለኝም። እዚያው ቁጭ ብዬ ለሟቹም ለራሴም አለቀስኩ።

እና እባካችሁ፣ ጠባሳ ያለባችሁ፣ ልጃችሁ ፊቱ የተቃጠለባችሁ፣ ዝም ብላችሁ የየሳሎኑን ቅባት አትቀቡ። የሄዳችሁበት ሰው በእርግጥ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት መሆኑን ጠይቁ፣ ፈቃዱን አሳየኝ ማለት ነውር አይደለም። የእሳቸውን ስም እዚህ አልጻፍኩም፣ ማስታወቂያ አልወድም ብለውኛል። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልካቸውን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ሂዱ! ቢያንስ አማክሯቸው።

ስጦታ አልቀበልም ስላሉኝ በዓይኔ ለክቼ ነጭ ጋዋን ሰፋሁላቸው። ያንን እንኳ እምቢ አላሉም፣ ግን እጅጌው ረዝሞባቸዋል። ሐሙስ ሄጄ አሳጥርላቸዋለሁ።