«40 ዋት» ተብሎ የተሸጠልኝ የጨረር መቅረጫ፦ ለቆዳ ሥራ ማሽን ልትገዙ ላሰባችሁ ማስጠንቀቂያ

በእኛ ሙያ «ሌዘር» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም ስላለው ነገሩ እንዳይምታታ አስቀድሜ ልለየው። ደንበኛ «የሌዘር ቦርሳ» ሲል ቆዳውን ማለቱ ነው፤ ማሽን ሻጭ «ሌዘር» ሲል ደግሞ በጨረር የሚቀርጸውን መሣሪያ ማለቱ ነው። እኔ ያየሁት ማስታወቂያ «ለሌዘር ሥራ የሚሆን ሌዘር ማሽን፣ 40 ዋት» የሚል ነበር፤ ከዚህ በኋላ ግን ቆዳውን ቆዳ፣ መሣሪያውን የጨረር መቅረጫ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ከሁለት ረዳቶች ጋር ሆኜ አዲስ አበባ ውስጥ የኪስ ቦርሳ፣ ቀበቶ፣ የካርድ መያዣና የማስታወሻ ደብተር ሽፋን እሠራለሁ። የደንበኛን ስም ወይም ዓርማ የምናትመው በነሐስ ማኅተም ነበር፤ ማኅተሙ ይሞቃል፣ ቆዳው ላይ ይጫናል፣ አለቀ። ነገር ግን ለእያንዳንዱ ዓርማ አዲስ ማኅተም ማስቀረጽ ስለሚያስፈልግ አሥር ወይም ሃያ ዕቃ ብቻ ለሚያዝ ሰው አያዋጣም። ባለፈው ዓመት አንድ ድርጅት ዓርማው የተቀረጸበት 120 የካርድ መያዣ አዘዘኝና ቀብድ ተቀበልኩ፤ በዚያው ሳምንትም የጨረር መቅረጫ ፍለጋ ወጣሁ። ስህተቴ የጀመረው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ የማስረከቢያ ቀን ተቆርጦበት ገበያ የወጣ ሰው የሻጩን ቃል ለማመን ይቸኩላል።

ማሽኑን የገዛሁት በ85 ሺህ ብር ሲሆን ለሶፍትዌሩ ብቻ ተጨማሪ 8 ሺህ ብር ከፍያለሁ። ሻጩ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዕቃው ሁሉ መወደዱን እየጠቀሰ ነበር የሚደራደረው፤ ንግግሩ እውነትነት ስላለው ዋጋውን ከሌላ ቦታ ሳላጣራ ተቀበልኩት። ደረሰኝ የሚፈለግ ከሆነ ዋጋው እንደሚለይ ሲነግረኝም ያለ ደረሰኝ ተስማማሁ። ይህንን የምጽፈው አፍሬ ነው፤ ቢሆንም ከእኔ በፊት ስንቶቻችን እንዲህ እንዳደረግን ስለማውቅ አልደብቀውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ እሱም 40 ዋት የሚለው ቁጥር ነው። ማሽኑን ቤት አስገብቼ ሥራው አልፋጠን ሲለኝ የኃይል ማቅረቢያውን ገልብጬ አየሁት። 12 ቮልት፣ 4 አምፔር ይላል። ሁለቱ ሲባዙ 48 ዋት ይሆናሉ፤ ይህም ማሽኑ በሙሉ፣ ሞተሮቹን፣ ማራገቢያውንና ጨረር አመንጪውን ጨምሮ፣ ከኃይል ማቅረቢያው መሳብ የሚችለው ኃይል ነው። ሰማያዊ ጨረር የሚያወጣው ዳዮድ የሚባለው አመንጪ ደግሞ ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ወደ ብርሃን የሚለውጠው ሲሶ ያህሉን ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ስለዚህ ከ48 ዋት አጠቃላይ ኃይል 40 ዋት ጨረር ሊወጣ የሚችልበት መንገድ የለም። ከማሽኑ ጋር በመጣው ወረቀት ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ስናነብ እውነተኛው የጨረር ኃይል 5 ዋት ተኩል ሆኖ ተገኘ። በካርቶኑ ፊት ላይ በትልቁ የታተመው 40 አንዳች የኤሌክትሪክ ቁጥር ነው እንጂ ቆዳው ላይ የሚያርፈው ብርሃን አይደለም። ሻጩን ስጠይቀው «ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ነው የሸጥኩት» አለኝ፤ ይህንንም ያለው ሳያፍር ነው።

በዚያ ላይ ማሽኑ «ሲኦቱ»፣ ማለትም በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የሚሠራ ነው ተብሎ ነበር የተሸጠልኝ። ይህን ለመለየት ሙያተኛ መሆን እንደማያስፈልግ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የሚሠራው መቅረጫ ጨረሩን የሚያመነጨው በውኃ በሚቀዘቅዝ ረጅም የመስታወት ቱቦ ውስጥ ሲሆን፣ የ40 ዋቱ ቱቦ ወደ 70 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ማሽኑም ሳጥን ያለው፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው ነው። ጭንቅላቱ በመዳፍ የሚያዝ፣ ውኃም ቱቦም የሌለው፣ ክፍት በሆነ የብረት ፍሬም ላይ የሚሮጥ መሣሪያ ግን ዳዮድ ነው፤ ሻጩ ምንም ቢለው ስሙ አይለወጥም። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፤ ከ70 ሴንቲ ሜትር በጣም ያጠረ ቱቦ ላይ 40 ዋት የሚል ጽሑፍ ካያችሁም ተጠራጠሩ።

ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። የጋዙ ማሽን የሚያወጣው ጨረር 10,600 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው፣ በዓይን የማይታይ ሲሆን፣ ቆዳ፣ እንጨትና ወረቀት ቀለማቸው ምንም ቢሆን ይመጡታል። የዳዮዱ 450 ናኖ ሜትር አካባቢ የሆነ ሰማያዊ ብርሃን ስለሆነ ጥቁርና ቡናማ ነገር ላይ ይሠራል፤ ነጣ ያለ ነገር ግን አብዛኛውን መልሶ ያንጸባርቀዋል። ሻጩ ያሳየኝ ሙከራ በደረቅ ኮምፔንሳቶና በጥቁር ቡናማ ቁራጭ ቆዳ ላይ ነበር፤ ሁለቱም ላይ አምሮ ወጣ፤ እኔም በስልኬ ቀርጬ ለረዳቶቼ ላክሁላቸው። የእኔ ትእዛዝ ግን ክሬም ቀለም ባለው የበግ ቆዳ ላይ ነበር። ቤት ወስጄ ስሞክረው በፍጥነት ሲሄድ ጭራሽ ምልክት አይተውም፤ ፍጥነቱን ስቀንሰው ደግሞ ስሱ ቆዳ ተኮማትሮ በዓርማው ዙሪያ እንደ ተሸበሸበ ግንባር ሆነ። በሁለቱ መካከል የሚሆን ልክ አገኛለሁ ብዬ ሦስት ሙሉ ቆዳ ጨረስኩ።

ፍጥነቱንም ራሳችሁ አስሉት፤ ስሌቱ ቀላል ነው። ዓርማው 6 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 2 ሴንቲ ሜትር ቁመት ነበረው። ማሽኑ ዓርማውን የሚሞላው መስመር በመስመር እየተመላለሰ ነውና፣ በአንድ ሚሊ ሜትር ውስጥ 10 መስመር ቢያሰምር በጠቅላላው 200 መስመር፣ ማለትም 12 ሜትር መንገድ ይሆናል። የእኔ ማሽን በቡናማው ቆዳ ላይ ጥሩ ምልክት የሚተወው በደቂቃ አንድ ሜትር ሲጓዝ ስለሆነ ለአንድ ካርድ መያዣ 12 ደቂቃ፣ ለ120ው ደግሞ 24 ሰዓት ሙሉ ያስፈልገዋል፤ ይህም ዕቃ የምንቀያይርበትንና መብራት የሚጠፋበትን ጊዜ ሳይጨምር ነው። መብራት ከጠፋ ማሽኑ የት ቦታ እንደነበረ አያስታውስም፤ ግማሽ ዓርማ የተቀረጸበት ዕቃም ተጣለ ማለት ነው። በሴኮንድ 300 ሚሊ ሜትር የሚሮጥ የጋዝ ማሽን ያንኑ 12 ሜትር በ40 ሴኮንድ፣ መመላለሻው ቢታከልበትም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ሻጭ ዘንድ ስትሄዱ «ይቀርጻል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም ይቀርጻል። የራሳችሁን ዓርማ በራሳችሁ ቆዳ ላይ አስቀርጻችሁ በሰዓት ያዙ።

ስለ ቆዳው ዓይነት ማንም አልነገረኝም፤ ይህ ደግሞ ከገንዘቡ በላይ ያሳስበኛል። ከሞጆና ከሌሎች ፋብሪካዎች የምንገዛው ቆዳ አብዛኛው በክሮም የለፋ ነው። ክሮም በለፋበት መልኩ ብዙ ጉዳት የለውም፤ በጨረር ሲቃጠል ግን ክሮም 6 ወደሚባለው ለካንሰር የሚያጋልጥ ዓይነት የመለወጥ ዕድል ስላለው ጢሱ ሊተነፈስ አይገባም። በእጽዋት ታኒን የለፋ ቆዳ ለጨረር የተሻለ ነው፤ ጠርዙም ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፤ ዋጋው ግን ይወደዳል። በየትኛውም ቆዳ ብትሠሩ ጢሱን በቧንቧ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ማራገቢያ ያስፈልጋችኋል። እኔ ለዚህ አላሰብኩበትምና በመጀመሪያው ቀን የተቃጠለ ፀጉር ሽታው ደረጃውን ወርዶ እታች ያሉትን ልብስ ሰፊ ከሥራቸው አስነሣቸው። «የእኛን ጨርቅ ምን አድርገን እናጥበው?» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ቆዳ መሳዩ ፕላስቲክ ነው። ክሎሪን ያለበት ፒቪሲ በጨረር ሲነካ ሳንባ የሚጎዳና የማሽኑንም ብረት የሚያዝግ የአሲድ ጋዝ ያወጣል፤ በምንም ዓይነት ማሽን መቀረጽ የለበትም። ደንበኛ ራሱ ያመጣውን ዕቃ ከመቀበላችሁ በፊት የምትፈትኑበት ዘዴ አለ። የመዳብ ሽቦ ጫፉ እስኪቀላ በእሳት ካጋላችሁ በኋላ ዕቃው ላይ ነክታችሁ ጥቂት ይያዝላችሁ፤ መልሳችሁ እሳቱ ውስጥ ስትከቱት ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን አለበት። ይህንን ደጅ ወጥታችሁ፣ ነፋሱ ከጀርባችሁ እንዲመጣ ቆማችሁ አድርጉት።

መነጽሩን በተመለከተ፣ ከማሽኑ ጋር የመጣልኝ አንድ አረንጓዴ ፕላስቲክ ሲሆን የትኛውን የሞገድ ርዝመት እንደሚከላከል የሚገልጽ አንድም ጽሑፍ የለበትም። ከግማሽ ዋት በላይ የሆነ ጨረር በመጨረሻው የአደገኛነት ደረጃ፣ በ4ኛው ክፍል ውስጥ ነው የሚመደበው፤ ከብረት መቆለፊያ ላይ ነጥሮ የመጣው እንኳ ዓይን ያጠፋል። ጽሑፍ የሌለውን መነጽር እንደሌለ ቁጠሩት።

ስለ ሶፍትዌሩ ብዙ የሚባል የለም። 8 ሺህ ብር የከፈልኩበት ሌዘርጂአርቢኤል ማንም ሰው በነጻ የሚያወርደው ፕሮግራም ነው። ሻጩ «ማሽኑ አማርኛ አይቀበልም» ያለኝም ስህተት ነበር፤ ማሽኑ ፊደል የሚያውቅ ነገር አይደለም። ስሙን ኢንክስኬፕ በሚባለው፣ እሱም በነጻ በሚገኝ ፕሮግራም ላይ በምትወዱት የግዕዝ ፊደል ጽፋችሁ ወደ ቅርጽ መስመር ከለወጣችሁት እንደማንኛውም ሥዕል ይቀርጸዋል። የመጀመሪያው ሥራዬ የነበረው የእናቴ ስም ነው፤ «ወ/ሮ» የሚለው ሳይቀር በደንብ ወጥቷል።

ያገለገለ የጋዝ ማሽን ከውጭ ላመጣ የምትሉ ካላችሁ ሦስት ነገር አትርሱ። ቱቦው ባይሠራበትም ከጊዜ ጋር ይደክማል፤ ስለዚህ ቱቦው የተመረተበትን ቀን ጠይቁ። ከአሜሪካ በዘመድ በኩል የሚመጣው ማሽን የ110 ቮልት ሊሆን ይችላል። ማቀዝቀዣው ውስጥ የሚገባውም የተጣራ ውኃ ነው እንጂ የቧንቧ ውኃ አይደለም።

ገንዘቤን ለማስመለስ ያደረግሁት ጥረትም ለእናንተ ይጠቅም ይሆናል። መጀመሪያ የተማመንኩት በሸማቾች ጥበቃ ላይ ነበር። ነገር ግን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች የሚለው ለግል ወይም ለቤተሰብ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው፤ ለማምረቻ ወይም መልሶ ለመሸጥ የገዛን ሰው አይጨምርም። እኔ የገዛሁት ለማምረቻ ነውና በዚያ በር መግባት አልቻልኩም። የሚቀረው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሽያጭ የደነገገው ሲሆን፣ እሱም ገዢው ዕቃውን እንደተረከበ እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። እኔ ጉድለቱን የነገርኩት በስልክ፣ ያውም ከአንድ ወር በኋላ ነው፤ በእጄ ደረሰኝም፣ የጽሑፍ ውልም የለም። የማውቃቸው ጠበቃ ወረቀቶቼን አይተው «ልጄ፣ ያለሽ ነገር ካርቶን ብቻ ነው» አሉኝ። እናንተ ቢያንስ አንድ ገጽ ውል ይኑራችሁ፤ በእሱም ላይ «የጨረር ውጤት ኃይል ይህን ያህል ዋት» የሚለው በማያሻማ ቃል ይጻፍ፣ የማመንጫው ዓይነትም ይጠቀስ፣ ደረሰኙም ከዚያው ጋር ይያያዝ። ይህን ለመፈረም የማይፈልግ ሻጭ ቁጥሩን እሱ ራሱ አያምንበትም።

ትእዛዙን በመጨረሻ ያወጣሁት የጋዝ ማሽን ያለው ባለሙያ ዘንድ ወስጄ ለእያንዳንዱ ዕቃ የቀረጻ ዋጋ ከፍዬ ነው፤ ትርፉ ሄደ፣ ደንበኛው ግን አልሄደብኝም። አሁንም የምሠራው እንደዚያው ነው፤ የዓመቱን የቀረጻ ወጪ ደምሬ ከማሽን ዋጋ ጋር እስካወዳድረው ድረስ ሌላ አልገዛም። አሮጌውን ማሽን ለመሸጥ ወስኛለሁ። «40 ዋት» የሚለውን ጽሑፍ በፕላስተር ሸፍኜ በእስክሪብቶ «5 ዋት ተኩል፣ ዳዮድ፣ ለእንጨትና ለጥቁር ቆዳ» ብዬ ጻፍኩበት። ትናንት የእንጨት የቁልፍ መያዣ የሚሠራ አንድ ወጣት መጥቶ አየው፤ የራሱን እንጨት ይዞ ነበር የመጣው።