ከኤምፒኤች ጋር የቱን ላጣምር? ሕክምና፣ ሕግ፣ ኤምቢኤ ወይስ ሶሻል ወርክ

የሕብረተሰብ ጤና ማስተርስ፣ በተለመደው ስሙ ኤምፒኤች፣ ብዙ ያሳውቃል። የሥራ ፈቃድ ግን አይሰጥም። ኤፒዲሚዮሎጂ (የበሽታ ሥርጭት ጥናት) እና ባዮስታቲስቲክስ (የጤና መረጃ ስታቲስቲክስ) ጠንቅቆ የጨረሰ ሰው በዚያ ብቻ በሽተኛ ማከምም ሆነ ፍርድ ቤት መቆም አይችልም። ስለዚህ ሌላ ዲግሪ ለመጨመር ያሰበ ሰው መጀመሪያ ይህን ይጠይቅ፦ ያለዚያኛው ወረቀት የማልገባበት ሥራ አለ ወይ? ከታች ያሉት ቁጥሮች ጥምር ዲግሪ በስፋት የሚሰጥባት የአሜሪካ ናቸው።

ሕክምና ብቻውን 4 ዓመት ነው፤ ከኤምፒኤች ጋር አብዛኛውን ጊዜ 5። ተጨማሪው ዓመት ብዙ ጊዜ የሚገባው ከ3ኛው ዓመት በኋላ ነው፣ ደግሞም ደህና ቦታ ነው። ተማሪው ዋርድ ውስጥ ከርሟል። አስም ያለበት ልጅ ታክሞ ሲወጣ፣ ሻጋታ ወደወረሰው ቤት ሲመለስ፣ እንደገና ታፍኖ ሲመጣ አይቷል። ስለዚህ ኤምፒኤቹን የሚጀምረው የራሱን ጥያቄ ይዞ ነው። ክሊኒክ ብቻ መሥራት የሚፈልግ ግን ዓመቱን ባያቃጥል ይሻላል።

ለእኔ የሚጥመኝ ሕግ ነው። 3 ዓመቱና የኤምፒኤች 2 ዓመት ሲጣመሩ ብዙ ጊዜ 4 ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ1905 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የፈንጣጣ ክትባት አልወስድም ብሎ 5 ዶላር የተቀጣውን የሄኒንግ ጃኮብሰንን ይግባኝ አይቶ ለማሳቹሴትስ ግዛት ፈረደ። ክትባት፣ ለይቶ ማቆያ፣ የሲጋራ ማስታወቂያ ክልከላ፣ ሁሉም የሚጻፈው በሕግ ቋንቋ ነው። መረጃውንም አንቀጹንም እኩል የሚያነብ ሰው ደግሞ እንደልብ አይገኝም።

ኤምቢኤ፣ ማለትም የንግድ ሥራ አስተዳደር ማስተርስ፣ ላይ ቆም ብለው ያስቡ። ስሙ ያማልላል። ኤምፒኤቹን በጤና አስተዳደር ዘርፍ የሚማሩ ከሆነ ግን በጀትና አመራር እዚያው አለ፤ ለአንድ ትምህርት ሁለቴ መክፈል ይሆናል። የሥራ ፈቃድም የለውም። የሆስፒታል ወይም የኢንሹራንስ ድርጅት ኃላፊነት ላይ ዓይኑን ለጣለ፣ የሥራ ልምድም ላለው ሰው ያዋጣል። ገና ከባችለር ለወጣ ግን አልመክርም።

ሶሻል ወርክ ሲጣመር 3 ዓመት ገደማ ይፈጃል፣ ለፈቃድም ያበቃል። ቢያንስ 900 ሰዓት የመስክ ልምምድ ስላለው፣ አንዱ ልምምድ ለሁለቱም ይያዝ እንደሆነ ቀድመው ይጠይቁ።

ጊዜ የሚቆጥበው የጋራ ክሬዲት ነው፤ አንዱ ትምህርት ቤት የሌላውን ኮርስ ይቀበላል። ኤምፒኤች ቢያንስ 42 ክሬዲት ነው። ለጋራ የሚሰጠው ባብዛኛው ከምርጫ ኮርሶች ስለሚቀነስ፣ በጉጉት የጠበቁት ኮርስ ሊያመልጥዎት ይችላል። ሌላም አለ፦ መሃል ላይ አንዱን ቢያቋርጡ የጋራው ቅናሽ ይቀርና የቀረውን ዲግሪ ሙሉ ክሬዲት መጨረስ ሊኖርብዎት ይችላል። ክፍያውም በየትኛው ትምህርት ቤት ተመን እንደሚሰላ ከመመዝገብዎ በፊት በጽሑፍ መልስ እንዲሰጡዎት ይጠይቁ።