የጋራ ክስ ወይስ ከፍርድ ቤት ውጭ እልባት?

አንድ ድርጅት ከሚሊዮን ደንበኞች ሂሳብ ላይ በየወሩ ጥቂት ገንዘብ ያለአግባብ ቢቆርጥ፣ ለዚያች ጥቂት ገንዘብ ብሎ ጠበቃ የሚያቆም የለም። አጥፊው የሚተማመነውም በዚሁ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት ሁለት መንገድ ከፍቷል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 የወጣው የአማራጭ (ከፍርድ ቤት ውጭ) ሙግት መፍቻ መመሪያ፣ የአቤቱታው ሰነድ ተሟልቶ ከቀረበ በኋላ በ90 ቀናት ውስጥ ውጤት እንዲሰጥ ያዛል፤ ሸማቹም የሚከፍለው ቢኖር ጥቂት ነው። ፍጥነቱ ያስመሰግነዋል። ነገር ግን በአብዛኛው እያንዳንዱ ሰው የየራሱን አቤቱታ ይዞ ይቀርባል፤ ዝም ያለው ሳይካስ ይቀራል፣ ቆረጣውም ላይቆም ይችላል።

በ2020 የወጣው የውክልና ክስ መመሪያ ግን እውቅና ያለው ማኅበር ሸማቾችን ወክሎ ድርጊቱን እንዲያስቆምና ካሳ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ዓመታት ሊፈጅ ይችላል፤ ቢሆንም እኔ ይህን አስቀድማለሁ። በካሳው ክስ መሃል ተከራካሪዎቹ ቢስማሙ እንኳ፣ ስምምነቱን ዳኛ ይመረምረዋል፤ አስገዳጅ ሕግን የሚጥስ ከሆነ ውድቅ ያደርገዋል፤ የአገሩ ሕግ ከፈቀደለትም ፍትሐዊ ያልሆነውን ውድቅ ሊያደርግ ይችላል።