ፔዳ በር ላለችው የፎቶኮፒ ቤት እህታችን ምስጋና፣ ለሕግ ተማሪዎች ደግሞ ጥቆማ

እህታችን፣ እግዜር ይስጥልን። ስሜ አይጻፍ ስላልሽ አልጻፍነውም። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ በር የሚመላለስ ተማሪ ግን ማንን እንደምናመሰግን አይጠፋውም፤ ግድግዳዋ ላይ የሐበሻውንና የፈረንጁን ካላንደር ጎን ለጎን የሰቀለችው ናት።

ለሕግ ተማሪ በአእምሯዊ ንብረት፣ ማለትም ለፈጠራ፣ ለድርሰትና ለንግድ ምልክት በሚሰጠው መብት ዘርፍ የሚከፈተው በር ብዙ ሰው ከሚገምተው ይሰፋል። የሚያሳዝነው ጎበዝ ተማሪ ሳይቀር በጥቃቅን የሰነድ ጉድለት ከደጅ መመለሱ ነው። እሷ የምትይዝልን እነዚህን ጉድለቶች ነው።

በነጻው እንጀምር። የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት፣ በአጭሩ ዋይፖ፣ «ዲኤል 101» የሚባል በኢንተርኔት የሚሰጥ አጠቃላይ ኮርስ አለው። የቅጂ መብትን፣ ፓተንትን (የፈጠራ መብትን)፣ የንግድ ምልክትን፣ የኢንዱስትሪ ንድፍን (የምርት መልክና ቅርጽን)፣ የአዝርዕት ዝርያን ሳይቀር ይዳስሳል፤ መጨረሻው ላይ ፈተና አለ፣ ላለፈ ምስክር ወረቀት ይሰጣል። ክፍያ የለውም። ከሱ በላይ ያሉት ጥልቅ ኮርሶች ያስከፍላሉ፤ ስለዚህ ከ101 ሳይጀምሩ እዚያ ገንዘብ ማፍሰስ አይመከርም። ምዝገባው ላይ ልብ የሚባለው ስም ነው። ምስክር ወረቀቱ የሚወጣው በተመዘገባችሁበት ስም ነውና በቅጽል ስም ወይም ያለ አያት ስም የተመዘገበ ሰው በኋላ ከፓስፖርቱና ከትራንስክሪፕቱ ጋር ሲያስተያዩት ሌላ ሰው ይመስላል። እህታችን ስካን ከማድረጓ በፊት ሦስቱን ሰነዶች ጠረጴዛ ላይ ደርድራ የእንግሊዝኛውን አጻጻፍ ፊደል በፊደል ታነጻጽራለች። ልዩነት ካየች «መጀመሪያ ሬጅስትራር ሂዱ» ትላለች እንጂ የስካን ብር ለማግኘት ብላ ዝም አትልም።

የልደት ቀንም እንዲሁ። ጥር 12 ቀን 1995 የተወለደ ልጅ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 20 ቀን 2003 ነው። ብዙው ሰው ዓመቱ ላይ 8 ይደምርና ወርና ቀኑን ባለበት ይተወዋል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ አካባቢ የሚደመረው 7 ነው፣ ከዚያ ወዲያ 8። ሁለቱ ካላንደሮች ግድግዳው ላይ ያሉት ለዚሁ ነው።

ከሁሉ የከፋው ሰዓት ነው። የማመልከቻ ጥሪው ማስታወቂያ «እስከ 12፡00፣ በጄኔቫ ሰዓት» ሲል እኩለ ቀን ማለቱ ነው። በክረምታቸው ወራት የዋይፖ መቀመጫ ጄኔቫ ከኛ 2 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች፤ በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይዘጋል ማለት ነው። የምሽቱ 12 መስሎት የተቀመጠ ተማሪ በ4 ሰዓት ተቀድሟል። በበጋቸው ልዩነቱ 1 ሰዓት ብቻ ስለሚሆን መዝጊያው ከቀኑ 7 ሰዓት ይመጣል። እሷ ማመልከቻ ልታስገቡ ስትመጡ የመዝጊያውን ሰዓት በሐበሻ አስልታ፣ በወረቀት ጽፋ ኮምፒውተሩ ላይ ትለጥፋለች። መብራት ሊጠፋ ስለሚችልም ለመጨረሻው ሰዓት የመጣን ሰው ትቆጣለች። ትቆጣ፣ ይገባዋል።

ምስለ ችሎት (በፍርድ ቤት አምሳል የሚደረግ የተማሪዎች የክርክር ውድድር) ለምትወዱ፦ የኦክስፎርዱ ዓለም አቀፍ የአእምሯዊ ንብረት ምስለ ችሎት ለቅድመ ምረቃ ተማሪም የሚሆን ነው። ቡድኑ ለይግባኝ ባይም ለመልስ ሰጪም ጽሑፍ ያዘጋጃል፤ ወደ ቃል ክርክሩ የሚያልፈው በጽሑፉ ተመዝኖ ነው። እንዲህ ባሉ ውድድሮች የቡድን ማንነት አይገለጥም። ጽሑፉ ላይ የዩኒቨርሲቲው ስም ባይኖርም ፋይሉ ግን የባለቤቱን ስም በጀርባው ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ ዎርድ ጽሑፉ የተጻፈበትን ኮምፒውተር ባለቤት ስም ይመዘግባልና። ፎቶኮፒ ቤት ያለች ሴት ይህን ታውቃለች ብሎ ማን ይገምታል? ፒዲኤፍ ከማድረጓ በፊት የፋይሉን መረጃ ከፍታ የጸሐፊውን ስም ታጠፋለች፣ የፋይሉን መጠሪያ በቡድኑ ቁጥር ትቀይራለች፣ ከዚያ ፒዲኤፉን መልሳ ከፍታ ታረጋግጣለች።

የአዋጅ ቁጥር ግን የእናንተ ሥራ ነው፤ በሷ አትመካኙ። የንግድ ምልክት አዋጃችን በአማርኛ 501/1998፣ በእንግሊዝኛ 501/2006 ተብሎ ይጠቀሳል። የቅጂ መብቱ 410/1996 በእንግሊዝኛ 2004 ነው፤ የፈጠራው 123/1987 ደግሞ 1995። አንድ ጽሑፍ ውስጥ ሁለቱን የቀላቀለ ሰው ለውጭ ዳኛ ስድስት ሕግ ያለን ያስመስላል።

የመመረቂያ ጽሑፍ ወይም የጽሑፍ ውድድር ርዕስ ፍለጋ ለምትዞሩ፣ እዚሁ ደጃችን አለ። የዘጌ ቡና በንግድ ምልክት አዋጁ ውስጥ ባለው የወል ምልክት (ማኅበር አስመዝግቦ አባላቱ በሚጠቀሙበት ምልክት) ሊጠበቅ ይችላል? የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ምን መያዝ አለበት? ማነጻጸሪያው ሩቅ አይደለም፤ መንግሥት ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ በ2005 እ.ኤ.አ. ጠይቆ፣ ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ተወዛግቦ፣ በ2007 በስምምነት ጨርሶታል። ጤፍም አለ። የኔዘርላንድሱ የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. በጤፍ ዱቄት ላይ የተሰጠውን የደች ፓተንት ከነበረው እውቀት የዘለለ የፈጠራ እርምጃ የለውም ብሎ ሽሮታል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ጽሑፍ ከስንት አጠቃላይ «ተግዳሮቶችና ተስፋዎች» ይሻላል። የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ተቋሙም እዚሁ ከተማ ስለሆነ የንድፍ ተማሪዎቹን ሥራ ይዞ የኢንዱስትሪ ንድፍ ጥበቃን መጻፍ ይቻላል፦ ጥበቃው 5 ዓመት ነው፣ ሁለት ጊዜ ይታደሳል።

ማንበቢያ ካስፈለገ ዋይፖ ለታዳጊ አገሮች «አርዲ» በሚባለው ፕሮግራም መጽሔቶችን በተቋም በኩል ይከፍታል፤ መግቢያውን ከቤተ መጻሕፍቱ ጠይቁ። መጽሐፍ ሙሉውን ኮፒ አድርጊልን ብላችሁ ግን እሷን አታስቸግሯት። የቅጂ መብት አዋጁ አንቀጽ 9 ለግል አገልግሎት አንድ ቅጂ ቢፈቅድም የመጽሐፍን ጉልህ ክፍል አይጨምርም፤ እሷም «እናንተ ናችሁ ሕግ የምትማሩት» ብላ ትመልሳችኋለች።

ማስተርስ የምታስቡ ደግሞ ሙታሬ፣ ዚምባብዌ ያለው አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ከዋይፖና ከአፍሪካ ክልላዊ የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት (አሪፖ) ጋር ሆኖ የሚሰጠውን የአእምሯዊ ንብረት ማስተርስ ተመልከቱ። ኢትዮጵያ የአሪፖ አባል አይደለችም ብሎ ጥሪውን ሳያነብ የሚተው አለ፤ ጥሪውን አንብቡ።

ሚያዝያ 18 የዓለም አእምሯዊ ንብረት ቀን ነው። ዝግጅት የምታስቡ ማኅበራት፣ ፋሲካ ከዚያው ሰሞን ስለሚገጥም አዳራሽና ተናጋሪ በየካቲት ያዙ። ባነሩንም ቀድማችሁ ስጧት፤ የበዓል ሰሞን ሥራ ይበዛባታል።

ወደሷ ስትሄዱ ትራንስክሪፕቱን ዋናውን ያዙ፣ የስልክ ፎቶ አትቀበልም። ስካኑ በ300 ዲፒአይ፣ ባለ አንድ ፋይል ፒዲኤፍ እንዲሆን ንገሯት፤ የፋይል መጠን ገደብ ካለ ማስታወቂያውን አሳዩአት፣ ጽሑፉ ሳይደበዝዝ ታሳንሰዋለች። እሑድ የምትከፍተው ከቅዳሴ በኋላ ነው።